ዓይንን የሚያጭበረብረውና ዓይንን የሚጎዳው አንድ አይደለም፦ ስፖርተኞችና ፀሐይ

እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1924 እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ኤድዋርድ ኖርተን ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ኤቨረስትን እየወጣ 8,570 ሜትር ገደማ ደረሰ። በረዶ ላይ ሲሄድ መከላከያ መነፅሩን ያደርግ ነበር። ድንጋያማው ቦታ ላይ ግን አወለቀው። ድንጋዩ እንደ በረዶው አያንጸባርቅም። መነፅሩ ደግሞ እግሩን የሚያሳርፍበትን ቦታ በደንብ እንዳያይ አስቸግሮታል። በዚያው ሌሊት ዓይኑ ማየት አቆመ። ለ60 ሰዓታት ያህል ምንም አያይም ነበር። ከ2 ቀን በኋላ ጓዶቹ ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኧርቪን ወደ ላይ ሲነሱ ኖርተን የተሰናበታቸው ሳያያቸው ነው። ሁለቱም በሕይወት አልተመለሱም።

ኖርተን ጀማሪ አልነበረም። የቡድኑ መሪ ነበር። በረዶ ላይ መነፅር ማድረግ ግድ መሆኑንም ያውቃል። ያሳሳተው መለኪያው ነው። ዓይንን የሚያጭበረብር ብርሃን ሲኖር መከላከል፣ ሳይኖር መተው።

መቶ ዓመት አልፎም ይኸው መለኪያ በየሜዳው ይሠራል። ሯጩ «ፀሐይዋ ገና አልከረረችም» ይላል። አሰልጣኙ ደመና ካየ ጉዳዩን ይረሳዋል። ብስክሌተኛው ጠቆር ያለ መስታወት ካገኘ በቃው። ሦስቱም የሚለኩት የሚታየውን ብርሃን ነው። ዓይን ላይ ዘላቂ ጉዳት የሚያመጣው ግን በአብዛኛው የማይታየው ክፍል ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኼ ነው። ስለ ስፖርትና ስለ ዓይን ብዙ ምክር ይሰጣል። ይህ ልዩነት ካልገባን ግን ምክሩ ሁሉ «መነፅር አድርጉ» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጨረሩ አይታይም፣ አይሞቅም

ከፀሐይ የሚመጣው ሁሉ ብርሃን አይደለም። የምናየው ክፍል አለ። የሚያሞቀን ክፍል አለ። ዓይን የማያየው፣ ቆዳም በሙቀት የማይለየው አልትራቫዮሌት (በአጭሩ ዩቪ) ጨረር ደግሞ አለ። እሱም በሞገዱ ርዝመት በሦስት ይከፈላል። ከ100 እስከ 280 ናኖሜትር ያለው ዩቪ-ሲ ከባቢ አየር ላይ ይቀራል፤ እኛ ጋ አይደርስም። ከ280 እስከ 315 ያለው ዩቪ-ቢ በኦዞን ተጣርቶ ጥቂቱ ይደርሰናል። ጥቂት ቢሆንም ኃይለኛ ነው። ከ315 እስከ 400 ያለው ዩቪ-ኤ ግን በብዛት ይደርሳል።

ጨረሩ ስለማይታይና ስለማይሞቅ በስሜት ልንገምተው አንችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ስስ ደመና ከጨረሩ 90 በመቶ በላይ ሊያሳልፍ ይችላል። ደመናው ሙቀቱንና ድምቀቱን ይቀንስልናል። ጨረሩን ግን ያን ያህል አይቀንስም። ከፍታም እንዲሁ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚለማመድ ሯጭ በባሕር ጠለል ከፍታ ከሚለማመደው ሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ያገኘዋል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን ፀሐይዋ የቀለለች ይመስለዋል። ለጽናት ሯጮች ከፍታ ላይ መለማመድ የተለመደ በሆነበት በዚህ ዘመን ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም።

ከታች የሚመለሰውም አለ። አዲስ በረዶ የወደቀበትን ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ይረጨዋል። የባሕር አረፋ 25 በመቶ ገደማ፣ ደረቅ የባሕር ዳርቻ አሸዋ 15 በመቶ ገደማ ይመልሳል። ሣር፣ አፈርና ውሃ ግን ከ10 በመቶ በታች ናቸው። የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪው፣ በአሸዋ ላይ መረብ ኳስ የሚጫወተውና በማዕበል ላይ የሚንሸራተተው ከላይም ከታችም የሚመታቸው ለዚህ ነው። ኮፍያ ብቻውን የማይበቃቸውም ለዚህ ነው። የኮፍያ ጥላ ከታች ለሚመጣው ጨረር ምንም አያደርግም።

የሣር ሜዳ ተጫዋች ታዲያ ተረፈ ማለት ነው? አይደለም። ለእሱ አደጋው የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ረፋድና ከሰዓት

ስለ ቆዳ የተማርነው ሕግ ግልጽ ነው። ከባዱ ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ ያኔ ጥላ ፈልግ። ለቆዳ ትክክል ነው። ለዓይን ግን ይህ ሕግ ሳይመረመር የተወሰደ ነው።

በጃፓን የካናዛዋ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት ነገሩን በደንብ ያሳያል። የሰው ራስ ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ዓይን ላይ የጨረር መለኪያ ገጠሙ። ቀኑን ሙሉ ለኩ። ፊቱ ወደ ፀሐይ ሲዞር ዓይን ላይ ከፍተኛው ዩቪ-ቢ የተመዘገበው እኩለ ቀን ላይ አልነበረም። ረፋድ ላይ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ከፍ አለ። መሐል ላይ ዝቅ አለ።

ምክንያቱ የፊታችን አሠራር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የቅንድብ አጥንታችን፣ ሽፋሽፍታችንና የላይኛው ቆባችን ዓይንን ይከልላሉ። ዝቅ ስትል ግን በቅንድቡ ሥር ገብታ ፊት ለፊት ታገኘዋለች። የአየር ትንበያ ላይ የምናየው የዩቪ መለኪያ ቁጥር ደግሞ የሚሰላው በአግድም ለተዘረጋ ወለል ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ አድማስ አድማሱን ለሚያይ ዓይን አይደለም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዓይን ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

አሁን ይህን ከልምምድ ሰዓት ጋር እናስተያየው። ስፖርተኞች ሙቀቱን ለመሸሽ የሚመርጡት ረፋድንና ከሰዓት በኋላን ነው። የወጣቶች ውድድር የሚካሄደው በአብዛኛው በእነዚሁ ሰዓታት ነው። ለሰውነት ጥሩ ምርጫ ነው፤ ከሙቀት ያድናል። ለዓይን ግን ፀሐይ ፊት ለፊት የምትመጣበት ሰዓት ነው። ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ለአንድ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ዞር ማለት አይችልም። መንገዱ ወደዚያ ነው። ቴኒስ ተጫዋቹ ሰርቭ ለማድረግ ኳሷን ሲወረውር ቀና ማለት አለበት። በረኛው የተሻማ ኳስ ሲመጣ ከኳሱ ዓይኑን መንቀል አይችልም። ሌላ ሰው ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲያስቸግረው ፊቱን ያዞራል። ስፖርተኛው ግን ሥራው ወደዚያ ማየት ነው።

ዓይን ውስጥ ምን ይሆናል?

የመጀመሪያው ጉዳት ፈጣኑ ነው። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛ መስታወት ልክ እንደ ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል። ኖርተን ላይ የደረሰው ይህ ነው። በረዶ ላይ ሲሆን የበረዶ ዕውርነት ይሉታል። ተንኮሉ ጊዜው ላይ ነው። አንዲት ተጫዋች ጠዋት አሸዋ ላይ ወጥታ እስከ አመሻሽ ያለ መነፅር ስትጫወት ትውላለች እንበል። ዓይኗ ትንሽ ይቀላል እንጂ ምንም አይላትም። እራት ትበላለች። ትተኛለች። ከዚያ ሌሊት ላይ ዓይኗ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል እየቆረቆራት ትነቃለች። እንባዋ አይቆምም። የስልኳን ብርሃን እንኳ ማየት አትችልም። አሸዋ ገብቶ መስሏት ታሻሸዋለች፤ ይብስባታል። ጨረሩ የመታት ከሰዓታት በፊት ስለነበረ ከፀሐይ ጋር አታገናኘውም። አለርጂ ነው፣ አቧራ ነው፣ ድካም ነው ትላለች።

እንዲህ ሲሆን ማሻሸት ክልክል ነው። ኮንታክት ሌንስ ካለ ማውጣት፣ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ መሆን፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ማድረግ፣ ከተገኘም ሰው ሠራሽ እንባ መጠቀም ያስታግሳል። ማደንዘዣ ጠብታ ግን በራስ ፈቃድ እየደጋገሙ መጨመር አደገኛ ነው። ሕመሙን ያጠፋል፤ ቁስሉ እንዳይድን ግን ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይሻላል። ካልተሻለ ወይም እይታ ከቀነሰ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ የባሰው ቀስ እያለ የሚመጣው ነው። አንደኛው ከነጩ የዓይን ክፍል ተነስቶ ወደ ኮርኒያ የሚያድግ ሥጋ ነው። ሐኪሞች ቴሪጂየም ይሉታል። በማዕበል ላይ በሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ዘንድ ከመዘውተሩ የተነሳ በእነሱ ስም ሲጠራ ይሰማል። ሥጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው በአፍንጫ በኩል ነው። ይህ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። አፍንጫ ራሱ ጥላ አይደለም እንዴ? አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ሚናስ ኮሮኔዎ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መልሱን አቀረበ። ከጎን፣ በጆሮ በኩል የሚገባ ብርሃን ኮርኒያው ላይ ሲያርፍ ኮርኒያው እንደ ማጉያ መነፅር ያጠፈውና በወዲያኛው፣ በአፍንጫው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ያከማቸዋል። ክምችቱ እስከ 20 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ይህን ግኝት ስፖርተኛ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። አንድ የተለመደ ስህተት በአንዴ ያፈርሳልና። ፊት ለፊት ጥሩ የሚከላከል፣ ጎኑ ግን ክፍት የሆነ ጠፍጣፋ መነፅር ዋናውን በር ትቶ መስኮቱን እንደ መዝጋት ነው። አደገኛው ብርሃን የሚገባው በጎን ነው።

ሁለተኛው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። የሞራ ግርዶሽ ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ጨረር ግን ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሂዩ ቴይለርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ የሚሠሩ 838 ዓሣና ሸርጣን አጥማጆችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በሕይወት ዘመናቸው ብዙ ዩቪ-ቢ ያገኛቸው ሰዎች በዓይን ውስጥ ያለውን ሌንስ ዳርቻ የሚይዘው ዓይነት የሞራ ግርዶሽ በብዛት ታይቶባቸዋል። አጥማጆቹ ስፖርተኞች አይደሉም። ግን ውሏቸውን አስቡት። ለዓመታት በየቀኑ ውጭ፣ ክፍት ሰማይ ሥር። ከጀልባ ቀዛፊ ወይም ከመርከብ ተወዳዳሪ ውሎ ብዙም አይለይም። ጥናቱ ስለ አንድ ቀን አይናገርም። ስለ ድምሩ ነው የሚናገረው። ስፖርተኛ ደግሞ ድምሩን ገና በልጅነቱ ነው የሚጀምረው።

ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል፣ ሬቲና፣ በአዋቂ ሰው ላይ ከአልትራቫዮሌት በደንብ የተጠበቀ ነው። ኮርኒያና ሌንሱ አብዛኛውን ያስቀሩለታል። ፀሐይን በቀጥታ ትኩር ብሎ ማየት ግን ሬቲናን ያቃጥላል። ይህ ጉዳት ሕመም ስለሌለው የሚታወቀው መሐል እይታ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲቀር ነው።

የዓይን ቆብንም መርሳት የለብንም። ቆዳው ስስ ነው። የቆዳ ካንሰር ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱም እሱ ነው። ስፖርተኞች ግን ሰንስክሪን ሲቀቡ ይዘሉታል። ምክንያታቸው የሚገባ ነው። ላብ ሲወርድ ቅባቱን ዓይን ውስጥ ይዞት ይገባል፤ ማቃጠሉ ሩጫ ያስቆማል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ዓይነት ለብዙ ሰው ያን ያህል አይቆጠቁጥም። ግንባር ላይ ላብ የሚይዝ ማሰሪያ ማድረግም ይረዳል። ቆቡን በደንብ የሚሸፍነው ግን አሁንም ሰፊ መነፅር ነው።

ጥቁረት መከላከያ አይደለም

ብዙ ሰው መነፅር ሲገዛ ፀሐይ ላይ ይሞክረዋል። ከጨለመለት ጥሩ ነው ይላል። ይህ የኖርተን መለኪያ በሌላ መልኩ ነው።

የመስታወቱ ቀለም የሚቀንሰው የሚታየውን ብርሃን ነው። አልትራቫዮሌትን የሚያስቀረው ግን መስታወቱ የተሠራበት ነገር ወይም የተጨመረበት ማጣሪያ ነው። ሁለቱ የግድ አብረው አይሄዱም። ጥቁር ሆኖ ጨረር የሚያሳልፍ አለ። ፍጹም ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ሆኖ ጨረሩን ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚያስቀርም አለ። የመጀመሪያው ከባዶ ዓይን ሊብስ ይችላል። ባዶ ዓይን ብርሃን ሲበዛበት ራሱን ይከላከላል። ይጠባል፣ ይጨፈናል፣ መሐል ያለችው ጥቁር ቀዳዳ ትንሽ ትሆናለች። ጥቁር መስታወት ግን «ጨልሟል» ብሎ ያሳምነዋል። ቆቡ ይከፈታል፣ ቀዳዳዋ ትሰፋለች፣ ያልተጣራው ጨረርም በሰፊው ይገባል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ምልክቱ ነው። «ዩቪ 400» የሚል ከሆነ እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ያስቀራል ማለት ነው፤ ዩቪ-ኤም ዩቪ-ቢም እዚያ ውስጥ ናቸው። አይኤስኦ 12312-1 የተባለው ዓለም አቀፍ የፀሐይ መነፅር ደረጃ ደግሞ መስታወቶችን ከ0 እስከ 4 ይመድባል። ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለሚታየው ብርሃን ነው። ምድብ 2 ከ18 እስከ 43 በመቶ፣ ምድብ 3 ከ8 እስከ 18 በመቶ፣ ምድብ 4 ከ3 እስከ 8 በመቶ ብርሃን ያሳልፋሉ። ምድብ 4 ለበረዶና ለከፍተኛ ተራራ ነው፤ መኪና እየነዱ ማድረግ አይፈቀድም። ፀሐያማ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው የሚመቸው ምድብ 3 ነው። ዛፍ በበዛበት፣ ጥላና ብርሃን በሚፈራረቅበት መንገድ የሚሮጥ ወይም ብስክሌት የሚጋልብ ሰው ግን ከዚያ የሳሳ፣ እንዲያውም ጥርት ያለ መስታወት ቢመርጥ ይሻለዋል። ከድምቀት ወደ ጥላ በድንገት ሲገባ ዓይን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሊያመልጠው ይችላል። ያ ጥርት ያለ መስታወት ዩቪ 400 ከሆነ መከላከሉ ምንም አይጎድልበትም።

ስፖርት ላይ መስታወቱ የተሠራበት ነገርም ወሳኝ ነው። ኳስ፣ ክርን፣ ከጎማ ሥር የሚፈናጠር ጠጠር አለ። ፖሊካርቦኔት ሲመታ በቀላሉ አይሰበርም። በተፈጥሮውም አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ያስቀራል። ተራ ብርጭቆ ግን ስፖርት ላይ ቦታ የለውም፤ ዓይን አጠገብ የሚሰባበር ነገር ይዞ መሮጥ ነው።

ስለ ፖላራይዝድ መስታወት ብዙ ይወራል። ከውሃና ከእርጥብ አስፋልት ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣውን አግድም ብርሃን ይቆርጣል። ለቀዛፊና ለዓሣ አጥማጅ ትልቅ እረፍት ነው። ግን ፖላራይዝድ መሆን በራሱ የዩቪ መከላከያ ማለት አይደለም። የሰዓትና የብስክሌት ኮምፒውተር ስክሪንም ሊያጠቁር ይችላል። በረዶ ሸርተቴ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቀውን አደገኛ የበረዶ ግግር ሊደብቅ ይችላል። በፀሐይ ራሱ የሚጠቁረው ፎቶክሮሚክ ረጅም ርቀት ለሚጓዝ ይመቻል። ቀለሙ ለመመለስ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ቶሎ ቶሎ ለሚለዋወጥ ብርሃን አይደርስም።

ከሁሉ በላይ የማስቀድመው ግን ልክ መግጠሙን ነው። ጥሩ መስታወት አፍንጫ ላይ ከተንሸራተተ ከላይም ከጎንም በር ይከፈታል። ቅርጹ ፊትን ተከትሎ እስከ ጆሮ ግንድ የሚዞር፣ ቅንድብ አጠገብ የሚያርፍ፣ ላብ ላይ የማይንሸራተት ጎማ ያለው መሆን አለበት። ሲሞክሩት ቆሞ መስታወት ማየት አይበቃም። ዘለል ዘለል ማለት፣ ጎንበስ ማለት፣ ራስን መነቅነቅ ነው። ከዘለለ አይሆንም። ጉም የሚይዝ ከሆነም ስፖርተኛው አምስተኛው ደቂቃ ላይ አውልቆ ኮፍያው ላይ ይሰቅለዋል። ኮፍያ ላይ የተሰቀለ መነፅር ዓይንን አይከላከልም።

ኮፍያ ለብቻው ሲታይ ደካማ፣ ከመነፅር ጋር ግን በጣም ጥሩ ነው። ከላይ የሚመጣውን ይቀንሳል፣ መነፅሩ የሚተወውን የላይ ክፍተት ይሸፍናል። ዩቪ የሚያስቀር ኮንታክት ሌንስም አለ፤ የመጀመሪያው ደረጃ የሚባለው ቢያንስ 99 በመቶ ዩቪ-ቢ እና 90 በመቶ ዩቪ-ኤ ያስቀራል። ሌንሱ ግን የሚሸፍነው ኮርኒያውን ነው። ነጩን ክፍልና ቆቡን አይሸፍንም። ስለዚህ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

«ጨዋታዬን ያበላሽብኛል»

የስፖርተኞች ዋና ተቃውሞ ይህ ነው። መነፅር እይታዬን ይቀንሳል፣ ይከብደኛል። ተቃውሞው መናቅ የለበትም። ግን ፀሐይ ራሷ ጨዋታ እንደምታበላሽ መርሳትም ደግ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ኔፒየር ከተማ ማክሊን ፓርክ ኒውዚላንድና ሕንድ ክሪኬት ሲጫወቱ ዳኞቹ ጨዋታውን ለግማሽ ሰዓት ያህል አቆሙት። ዝናብ አልነበረም። ፀሐይ ዝቅ ብላ መቺው ዓይን ውስጥ ገብታ ነበር። ክሪኬት ኳስ ጠንካራ ነው፣ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይወረወራል፤ የማያየውን ኳስ መጠበቅ ለመቺው አደጋ ነው። የክሪኬት ሜዳ መሐል መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጋው ይህ እንዳይደርስ ነው። የዚያ ሜዳ ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነበር። የእግር ኳስና የቴኒስ ሜዳዎችም ሲሠሩ ሰሜን-ደቡብ እንዲሆኑ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሜዳ የሚነድፉ ሰዎች ፀሐይን ከቁም ነገር ይቆጥሯታል። ተጫዋቹን የሚያለብሱት ግን ገና ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ተጫዋቾች ጉንጫቸው ላይ፣ ከዓይን ሥር የሚቀቡት ጥቁር ቅባት ሌላ ምሳሌ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ቅባቱ በእርግጥ ነገሮችን ከበስተጀርባቸው ለይቶ የማየት ችሎታን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ነጸብራቅን በመቀነስ ይሠራል ማለት ነው። ዓይን ውስጥ ከሚገባው አልትራቫዮሌት ግን አይከላከልም። ጨዋታውን ይረዳል፤ ዓይንን አይጠብቅም።

ሕጉም እንደሚባለው ጥብቅ አይደለም። የእግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 4 አደገኛ እስካልሆኑ ድረስ የበረኛ ኮፍያንና የስፖርት መነፅርን በስም ጠቅሶ ይፈቅዳል። ሜዳ ላይ የማናያቸው ሕጉ ስለከለከለ አይደለም። ስላልለመድናቸው ነው።

ጨዋታ ላይ መነፅር አላደርግም የሚለውን ግን እቀበላለሁ። በግንባር ለሚመታ፣ ትከሻ ለትከሻ ለሚጋፋ ተጫዋች ላይመች ይችላል። ጥያቄዬ ስለ ልምምዱ ነው። ጨዋታው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 90 ደቂቃ ነው። ልምምዱ በሳምንት ብዙ ቀን፣ ለብዙ ዓመት ነው። ጉዳቱ ድምር ከሆነ ድምሩ ያለው ልምምዱ ላይ ነው። ማሟሟቂያ ሩጫ፣ የቆመ ኳስ ልምምድ፣ የታክቲክ ማብራሪያ፣ ተራ መጠበቅ፤ በእነዚህ ሁሉ ንክኪ የለም። መነፅር ለማድረግ የሚከለክል ምንም ነገር የለም። ክለቦች ለቅልጥም መከላከያ፣ ለጫማ፣ ለውሃ ያስባሉ። ለዓይን ግን የሚያስብ ክለብ ብዙም አይታይም። ይህ ቸልተኝነት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ልጆች ላይ ነገሩ ይጠነክራል። የልጅ ሌንስ ከአዋቂው የጠራ ስለሆነ የበለጠ ጨረር ወደ ሬቲና ያሳልፋል። ይህን የሰማ ወላጅ ደንግጦ ልጁን ቤት ቢያስቀምጥ ግን ሌላ ጉዳት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቻይና ጓንዡ በትምህርት ቤቶች የተካሄደ ጥናት በቀን ተጨማሪ 40 ደቂቃ ውጭ የዋሉ ልጆች የቅርብ ብቻ የማየት ችግር ከሌሎቹ ባነሰ መጠን እንደጀመራቸው አሳይቷል። የቀን ብርሃን ለሚያድግ ዓይን መድኃኒት ነው። ስለዚህ ልጁ ይውጣ፣ ይጫወት። ኮፍያ ይድረግ፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል ወይም አሸዋና በረዶ ላይ ሲሆን ደግሞ ፊቱን የሚይዝ የማይሰበር መነፅር ይድረግ።

አሰልጣኝ ያለ ምንም ወጪ ማድረግ የሚችለው ነገርም አለ። ሲያስረዳ ተጫዋቾቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ እንዲሰጡ ማቆም ነው። ረጅሙን ሩጫ ረፋድ ላይ ፀሐይን ተከትሎ ሳይሆን ተቃራኒውን ማስጀመር ነው። የበረኛ ልምምድ ሲሆን ጎል መቀያየር ነው።

ተጫዋቾቹን ጀርባቸውን ለፀሐይ ሲያሰጥ ግን እሱ ራሱ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ይቆማል። ተጫዋቹ በ35 ዓመቱ ጫማውን ይሰቅላል። አሰልጣኙ ከዚያ በኋላም ሌላ 30 ዓመት ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ትውልድ ይቀያየራል፣ እሱ እዚያው ነው። ድምሩ ከሁሉም የሚበልጠው የእሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መነፅር ለአሰልጣኙ ይሁን። በየዓመቱም ዓይኑን ይታይ።